ሲራጅን የጠራው ሰው

ሲራጅ ኡበይደላ ሞቶ የተገኘው በጨፌ ገብርኤል ግቢ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ከቆመው የድምፅ ማጉያ ምሰሶ ሥር ነው። በቀኝ እጁ ፒንሳ ጨብጧል። ጡሩንባ የሚመስለው ድምፅ ማጉያ ተሰብሮ ጎኑ ላይ ወድቋል። እግሩ ባዶ ነበር።

ኢንስፔክተር ይታገሱ ከመርሳ ሲደርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላም፤ ሰዉ ግን ቀድሞታል። ነጠላ ያጣፉ ወጣቶች ግቢው ውስጥ፣ ኮፍያ ያደረጉ ወጣቶች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። በመሃል ያለው የጋሪ መንገድ ባዶ ነው። ማንም አይጮህም። ይታገሱ በሃያ ዓመት የፖሊስነት ኑሮው ከጩኸት ይልቅ እንዲህ ያለውን ዝምታ መፍራት ተምሯል።

"ሊያቃጥል ነው የመጣው" አለ አንዱ ከውስጥ።

"አጥምደው ገደሉት" አለ ሌላው ከማዶ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በየስልኩ አንድ ወሬ ሲዞር ከርሟል። ክርስቲያኑ ዘንድ "ለንግሥ በዓሉ ቤተ ክርስቲያኑን ሊያነዱት ነው" ይባላል፤ እስላሙ ዘንድ "በዓሉን ሰበብ አድርገው ሊወጡብን ነው" ይባላል። ወሬውን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የሟቹን ማንነት ግን ሁሉም ያውቃል። በመርሳ ሲራጅን የማያውቅ ሰው ቢኖር ሬዲዮ ኖሮት የማያውቅ ብቻ ነው። ሬዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ድምፅ ማጉያ ሲጠግን ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር።

ሳጅን ሁሪያ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች። የሐራ ልጅ ናት፤ ከይታገሱ ጋር መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

"እዚህ ይመልከቱ ኢንስፔክተር።"

በግራ እግሩ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ ሱሪው ላይ ነጭ ነገር ታትሟል። እጅ ጨምድዶ እንደያዘው ዓይነት ነው። ይታገሱ ቀና ብሎ የግቢውን አጥር አየ፤ ለበዓሉ አዲስ ኖራ ተቀብቷል።

"ኖራ ይሆናል" አለ።

"ይሁን። መሰላሉስ? ይሄን ምሰሶ ያለ መሰላል ጦጣም አይወጣው።"

መሰላል የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

ሬሳውን ያገኙት ዘበኛው አባባ ሲራክ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"ትናንት ገበያ ውዬ ልጄ ዘንድ አደርኩ" አሉ። "ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።"

"ግቢውን ለማን ትተው ሄዱ አባባ?"

"መሪጌታ ናቸው 'ሂድ፣ እኔ አለሁ' ያሉኝ።"

"ሲራጅን ያውቁት ነበር?"

"እንዴታ! ሲመጣ እዚህ ጎጆዬ ሥር አረፍ ይላል። እሱ ይቅማል፣ እኔ አወራለሁ። ምርቃናው ግን እኔን ነበር የሚይዘኝ።" ሊስቁ ቃጣቸው፤ ፊታቸው ግን እምቢ አለ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ከደኑ።

ይታገሱ ቃላቸውን ጻፈ። ከጻፈው ውስጥ የትኛው ቃል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀም።

መሪጌታ ሀብቴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው በአገሩ የታወቀ፣ የደብሩም የዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው።

"ሲራጅን የጠራው ሰው አለ መሪጌታ?"

"የለም።"

"ትናንት ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?"

"ቤቴ፤ ዳዊቴን እደግም ነበር።"

"ዘበኛውን ገበያ እንዲሄድ ፈቅደው?"

"ሽማግሌ ነው፤ ዘይትና ጨው ያስፈልገዋል። ጠዋት ፈቀድኩለት፤ ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።"

"ዕቃ ቤቱን እንየው።"

መሪጌታ መልስ ሳይሰጡ አንድ ደረቱ ሰፋ ያለ ሰው ፖሊሶቹ ፊት ቆመ። ደምሴ ነው፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የደብሩ ወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ።

"ንዋየ ቅድሳት ያለበት ቤት ነው" አለ። "ያለ ቤተ ክህነት ደብዳቤ ማንም አይገባም።" 'ማንም' ሲል ዓይኑ ሁሪያ ላይ ነበር።

ከኋላው ያሉት ወጣቶች አንድ እርምጃ ተጠጉ። ይታገሱ መንገዱን አየ፤ ከማዶ ያሉትም አንድ እርምጃ ተጠግተዋል።

"ደብዳቤ እናመጣለን" አለ። "አንተስ ትናንት የት ዋልክ?"

"በገበያ ቀን የወፍጮ ባለቤት የት ይውላል? እስኪመሽ ስፈጭ ነው የዋልኩት።"

* * *

ሬሳው ለምርመራ ወልድያ ሄዶ፣ ልብሱ በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በዚያው ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት ተመለሰ። ሐኪሟ ዶክተር ዓቢዳ ለይታገሱ ደወለች።

"ከከፍታ ወድቆ ነው። ዱላም ስለትም አላረፈበትም። የጀርባ አጥንቱና ጎድኑ ተሰብሯል፣ ውስጡ ደምቷል። ጊዜው ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ፣ ከምሽቱ በፊት ይመስለኛል።"

"ወዲያው ነው የሞተው?"

"አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ኖሯል። ምናልባት ከዚያም በላይ። ሰው ቢደርስለት ኖሮ… ይድን ነበር አልልም፤ ግን ዕድል ነበረው።"

የሟቹ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጀናዛው ሊወጣ ስለሆነ ግቢው ሞልቷል። በራፉ ላይ ዓሪፍ ከአራት አምስት ጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ዓሪፍ የሞባይል መሸጫ ያለው፣ ከአሥር ዓመት ወዲህ የዲን ትምህርት የሚሰጥ፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ ሰው ነው። "ከእነሱ ጋር ድግሱም ይቅር፣ ለቅሶውም ይቅር" እያለ ስንቱን ጎረቤት አለያይቷል።

የሲራጅ ሚስት እትዬ ቶይባ ጓዳ ነበሩ። ይታገሱ ጫማውን አውልቆ ገባ።

"አላህ ያጽናዎት እትዬ።"

"አሚን ልጄ።"

"ትናንት ሲወጣ ለማን ሥራ እንደሚሄድ ነግሮዎት ነበር?"

"አልነገረኝም።"

መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የመጣ መሰለ። ዓይናቸው ወደ በራፉ፣ ወደ ዓሪፍ ነበር። ይታገሱ አየው፤ ዓሪፍን ፈርተው እንደሆነም ጠረጠረ። የሚፈሩት ምን እንደሆነ ግን ሳተ።

ወጥተው ወደ መኪናው ሲሄዱ ሁሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከሦስት ሳምንት በፊት ሱቁ ፊት ለፊት ተጣልተዋል። ዓሪፍ 'የእነሱን ጡሩንባ የሚጠግን እጅ ቢቆረጥ ይሻላል' ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"ሲራጅስ ምን አለ?"

"'እጄ ቢቆረጥ ያንተን ስልክ ማን ይጠግንልሃል?' ነው ያለው።"

* * *

ዓሪፍ ሲጠየቅ አልተደናገጠም። በገበያው ዕለት ከሰዓት ዕቃ ሊያመጣ ሐራ እንደነበር ተናገረ። ከማን እንዳመጣ ሲጠየቅ ስም ጠራ። ሁሪያ ለዚያ ነጋዴ ለመደወል አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም፤ አጎቷ ነው።

"ዓሪፍ የሚባል ሰው ሐራ አልመጣም" አለች ስልኩን ዘግታ።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ይታገሱ ዓሪፍን ከሱቁ አስመጥቶ ማረፊያ ክፍል አስገባው። ጊዜው አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁሪያ "ከጁምዓ በኋላ ብናደርገው አይሻልም?" ብላው ነበር። እሱ ግን ተጠርጣሪ ጁምዓ ላይ ቆሞ ሲናገር መስማት አልፈለገም። በዚያው ቀን ቃላቸውን በፊርማ እንዲያጸኑ አባባ ሲራክንም ጣቢያ ጠርቷቸው ነበር። ሽማግሌው መጥተው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

"መኪና ትሸኝዎት አባባ?"

"የምን መኪና! በእግሬ እደርሳለሁ።"

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጡ። በዚያው ሰዓት ሰዉ ከመስጊድ ይወጣ ነበር። በሶላቱ መሃል አንዱ ስልክ ለአንዱ "ዓሪፍን አሰሩት፣ ገዳዩን ዘበኛ ግን እየለቀቁት ነው" የሚል መልእክት አድርሷል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሰው "እሱ ነው!" አለ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንደወረወረው እስከዛሬ አልታወቀም።

ይታገሱ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። ባጃጆቹ ተበትነዋል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሽማግሌው አስፋልቱ ዳር ወድቀዋል። አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም።

* * *

ይታገሱ ዓሪፍ ወዳለበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ተቀመጠ።

"ምን ሆነ?" አለ ዓሪፍ። "ጩኸት ሰማሁ።"

"ሲራክን ገደሉት። የገብርኤሉን ዘበኛ። በድንጋይ። ስምህን እየጠሩ።"

ዓሪፍ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ።

"ሐራ አልነበርክም" አለው ይታገሱ። "የት ነበርክ?"

"ውርጌሳ።"

"ምን ትሠራ?"

"እናቴ ዘንድ።" ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "እናቴ ክርስቲያን ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች። ወገቧን ታማለች፣ መራመድ አትችልም። ጠበል ውሰደኝ ትለኛለች። በየገበያው ቀን ሰው ሲበዛ ማንም ልብ አይለኝም ብዬ እሄዳለሁ። አዝያት ነው የምወስዳት። ጎረቤቶቿን ጠይቁ። ቄሱንም ጠይቁ፤ ስሜን ግን አያውቁትም።"

"በሰው ነፍስ ተጠርጥረህ ይሄን ደበቅከኝ?"

"ሰው ገደለ ቢሉኝ የሚከተለኝ አይጠፋም" አለ ዓሪፍ። "እናቱን አዝሎ ታቦት ደጃፍ ይወስዳል ቢሉኝ ግን የሚከተለኝ የለም።" ቆይቶ ደግሞ፣ "ጻፈው። ጮክ ብለህ ግን አታንብበው" አለ።

ሁሪያ በዚያው ከሰዓት ውርጌሳ ደርሳ ተመለሰች። እውነት ነበር። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቱ ዘንድ ነበር። አሮጊቷ ሁሪያን መርቀው፣ "ልጄ መቼ ይመጣል?" ብለው ጠይቀዋታል።

"ምን አልሻቸው?" አለ ይታገሱ።

"በሚመጣው ገበያ አልኳቸው። ምን ልበል?"

ይታገሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የጉዳዩን ወረቀት እንደገና ማንበብ ጀመረ። የሲራክን ቃል ሲያነብ እጁ ቆመ። "መሪጌታ ናቸው 'ሂድ፣ እኔ አለሁ' ያሉኝ።" 'እኔ አለሁ' ያለ ሰው ቤቱ ምን ይሠራል?

በዚህ መሃል ሁሪያ ከወልድያ የመጣውን የሲራጅን ልብስ ከመደርደሪያው ልታወርድ ሄዳ፣ "ወይ ጉድ!" አለች። ከወለሉ ተነሥቶ በግድግዳው ወደ ከረጢቱ የሚወጣ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበር። ጉንዳን ነው። ከረጢቱን ስትከፍተው ነጩ ምልክት በጉንዳን ተሸፍኗል።

ሁለቱም ተያዩ።

"ኖራ ጉንዳን አይጠራም" አለች ሁሪያ።

ይታገሱ በጥፍሩ ትንሽ ፍቆ አሸተተው፤ ጫፉን በምላሱ ነካው። ዱቄት ነው። የማሽላ ዱቄት፣ በጤዛ ረጥቦ መኮምጠጥ የጀመረ።

"ደምሴ እስኪመሽ ስፈጭ ዋልኩ ብሏል" አለ።

"ውሸት ነው" አለች ሁሪያ ወዲያው። "እህቴ ያን ዕለት ማሽላ ይዛ ወፍጮው በራፍ ላይ ስትንቃቃ ነው የዋለችው። ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል መብራት ሄዶ ነበር። ደምሴ 'መጣሁ' ብሎ ወጥቶ፣ መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው የተመለሰው። የእሷን ማሽላ ሳይፈጭ ወፍጮውን ዘግቶ ሄዷል። ቤት መጥታ ስትረግመው ነበር፤ እኔ ደግሞ ልብ አላልኩትም።"

* * *

የቤተ ክህነቱ ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። የአባባ ሲራክ ቀብር በገብርኤል ግቢ በአራት ሰዓት ተፈጽሟል። ወጣቶቹ ሬሳውን ሲሸኙ የበቀል ቃል ገብተዋል፤ ፌዴራልም ሚሊሻም መንገድ ዘግቶ ይጠብቃል። ይታገሱ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ወደ ሐዘን ቤት እስኪሄድ ቆየና መሪጌታን ዕቃ ቤቱን እንዲከፍቱለት ጠየቃቸው። ሁሪያ፣ ሳትጠየቅ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ቀረች።

መሪጌታ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሳቱት።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ጥላዎች፣ ከበሮዎች፣ የመጋረጃ ጥቅል፣ በጥግ ላይ አምፕሊፋየሩ። ከበሩ ጀርባ ረጅም የባሕር ዛፍ መሰላል ተጋድሟል። ይታገሱ መሰላሉን አለፈና ወደ ውስጥ ዘለቀ። በአሮጌ መጎናጸፊያ የተጠቀለለ ነገር ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ተወሽቋል። ፈታው። ጥንድ የቆዳ ጫማ ነው፤ ተረከዙ የተጠገነ፣ ማሰሪያው በመብራት ሽቦ የተተካ።

በአገሩ ማሰሪያውን በመብራት ሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"ሊያቃጥል የመጣ ሰው" አለ ይታገሱ ቀስ ብሎ፣ "ጫማውን ያወልቃል መሪጌታ?"

መሪጌታ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ሁልጊዜ ያወልቃል" አሉ። "ግቢው አፈር ነው፣ አታውልቅ እለዋለሁ። 'የናንተም ቤት የአላህ ቤት ነው' ይለኛል።"

"እርስዎ ነዎት የጠሩት።"

"እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ያ የታወቀው ድምፅ አይመስልም። "ማጉያው ከተበላሸ ሳምንቱ ነበር፤ በዓሉ ደርሷል። ወጣቶቹ 'ከእንግዲህ የእስላም እጅ ምሰሷችንን አይነካም' ብለው ወሰኑ። እኔም ስብሰባው ላይ አጨብጭቤያለሁ። ከወልድያ ባለሙያ ይመጣል አሉ፣ ቀረ። ስለዚህ በገበያው ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ማንም ሳያይህ ና አልኩት። እሱም 'ለኔም ማንም ባያየኝ ይሻለኛል' ብሎ ሳቀ።"

"ከዚያስ?"

"መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጨርሶ ሊወርድ ሲል ደምሴ እየሮጠ መጣ። 'ማነው ይሄ? ማን አስገባው?' አለኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ስብሰባው ትዝ አለኝ፣ ጭብጨባዬ ትዝ አለኝ። 'አላውቅም' አልኩት። ሲራጅ ከላይ ሆኖ 'መሪጌታ፣ ንገረው እንጂ' አለ። የምቀልድ መስሎታል፣ ይስቅ ነበር። ደምሴ ደግሞ ጠየቀኝ። 'አላውቀውም፣ አልጠራሁትም' አልኩ። መሰላሉንም ለቀቅሁ። ደምሴ እግሩን ይዞ ጎተተው፤ ማጉያውን እንደያዘ ወደቀ።"

ይታገሱ አልጻፈም። ብዕሩን ይዞ ቆሞ ነበር።

"ደምሴ ሲያየው ደነገጠና ሮጠ። እኔ መሰላሉን አስገባሁ። ጫማውን አስገባሁ። ከዚያ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።"

"ይተነፍስ ነበር?"

"ይተነፍስ ነበር።"

"እስከ መቼ ተቀመጡ?"

"እስኪያበቃ።"

"ስልክ አልነበረዎትም? መንገዱ እኮ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።"

"ብጠራ ኖሮ ማን አስገባው ይሉኝ ነበር።" መሪጌታ ቀና አሉ። "'ውሃ' አለኝ። ሰጠሁት። ሌላ አላለኝም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ዶሮ ጮኸለት፤ አልቅሶም ታረቀ። እኔ ለደምሴ ብክድ፣ ለአንተም ብክድ፣ ሁለት ሰው ሞተብኝ። ሲራክን ዛሬ ስንቀብር በዜማ የመራሁት እኔ ነኝ፤ ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ድምፄ ተንቀጠቀጠ?"

"አልተንቀጠቀጠም" አለ ይታገሱ።

መሪጌታ ያለቀሱት ያኔ ነው።

* * *

ደምሴ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ወፍጮው አይሠራም። እጁን ሲዘረጋ ካቴናው ላይ ዱቄት ቀረ።

"መሪጌታ አላውቀውም አሉኝ እኮ" አለ። "አውቀዋለሁ ቢሉኝ ኖሮ መሰላሉን እኔው እይዝለት ነበር።"

"ፊቱን አላየኸውም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ ሲራጅ መሆኑን አላወቅህም?"

"አወቅሁት። ይሄን ሞተር ስንት ጊዜ ሠርቶልኛል።" ደምሴ ወደ ወፍጮው ዞረ። "ሰሞኑን ሰው ሁሉ ተለውጧል ሲሉ ስሰማ ከረምኩ። ሲራጅም የተለወጠ መሰለኝ።"

በዚያው ቀን ከመናኸሪያው ድንጋይ ወርውረዋል የተባሉ ሦስት ወጣቶች ተያዙ። ዓሪፍ ተለቀቀ። ሱቁን ግን አልከፈተም። ፖሊስ ምርመራውን ለሕዝብ ሲገልጽ ግማሹ ሰው አላመነም። እስላሙ "መሪጌታን አስፈራርተው ነው" ያሉትን ክርስቲያኖች ይረግማል፤ ክርስቲያኑ "ዓሪፍን ለምን ለቀቁት" ይላል። እውነቱን ፈልጎ ጣቢያ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

* * *

እሑድ ከሰዓት ይታገሱና ሁሪያ እትዬ ቶይባ ዘንድ ሄዱ። ለቅሶ ደራሹ ቀንሷል። ሴትየዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ውሃ መጠየቁን ሲሰሙ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"መሪጌታ እንደጠሩት አውቅ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

ሁሪያ ቀና አለች።

"ሲወጣ ነግሮኛል። 'ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለእሳቸውም ለኔም አይበጅም' አለኝ። ያን ቀን ስትጠይቀኝ ዓሪፍ በራፍ ላይ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ነው የሞተው ብል ጀናዛውን ማን ይሰግድበታል ብዬ ፈራሁ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ሳይሰገድበት አፈር ይልበስ?" ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ነግሬህ ቢሆን ያ ዘበኛ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?"

ይታገሱ ሊያጽናና የሚችል ውሸት ፈለገ። ብዙ ጊዜ ሲናገረው የኖረው ዓይነት ነው፤ "የአምላክ ቀን ነው" የሚለው። ከአፉ አልወጣ አለ።

"ይኖር ነበር ይሆናል" አለ። "ግን ዓርብ በዚያች ሰዓት ጣቢያ የጠራኋቸው እኔ ነኝ እትዬ። ሰው ከሶላት የሚወጣበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ዓሪፍንም በዚያች ሰዓት ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህቺ ልጅ ቆይ ብላኝ ነበር።"

ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ፤ አለፈ። እትዬ ቶይባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ቤቱ ወዴት ነው?"

"የማን?"

"የዘበኛው።"

"የሐዘን ዒዳዎ ላይ ነዎት እኮ እትዬ" አለች ሁሪያ። "ከቤት መውጣት…"

"አውቃለሁ። አላህም ያውቃል።"

መኪና አልፈለጉም። ዋናውን መንገድ ይዘው በእግራቸው ሄዱ፤ ሁሪያ ከጎናቸው፣ ይታገሱ ከኋላ። ሰው ከየሱቁ ብቅ አለ። አንድ ወጣት "ሐራም ነው እትዬ! ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸ፤ አልዞሩም። የተዘጋውን ወፍጮ አለፉ፣ መናኸሪያውን አለፉ። አስፋልቱ ዳር፣ ሽማግሌው የወደቁበት ቦታ ላይ፣ ይታገሱ ቦታው ይህ ነው አላላቸውም። የተበተነውን ድንጋይ ያነሣው ሰው ስላልነበረ እሳቸው ራሳቸው አወቁት፤ ትንሽ ቆመው እንደገና ተራመዱ።

የሲራክ ግቢ ድንኳን ተጥሎበታል። ሴቶቹ የሻሹን አስተሳሰር ሲያዩ ንግግራቸውን አቆሙ። ወንዶቹ ከአግዳሚው ተነሡ። አንዱ ወደፊት ሊመጣ ሲል ይታገሱ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ሰውየውም ቆመ።

የሟቹ ሚስት እማማ አለሚቱ መሃል ላይ፣ ገሣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በሐዘን ተቧጭሯል። እትዬ ቶይባ ፊት ለፊታቸው ሄደው ቆሙ። መንገድ ላይ ሳሉ የሚሉትን ሁሉ አስበው ይሆናል፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ለሹክሹክታ እንኳ አልበቃ አለ።

"የሲራጅ ሚስት ነኝ" አሉ። "ማን እንደጠራው አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።"

እማማ አለሚቱ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከሴቶቹ አንዷ "ምን ልትሆን መጣች?" አለች፤ ሌላዋ "ዝም በይ" አለቻት።

"አልሰማሁሽም" አሉ አለሚቱ። "እነዚያም አልሰሙም። ድገሚው።"

እትዬ ቶይባ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ወንዶቹ፣ አጥሩን ተንጠላጥለው ወደሚያዩት ወጣቶች ተመለከቱ። ትንፋሽ ወሰዱ። ሁለተኛው ድምፃቸው ከድንኳኑ አልፎ መንገዱ ድረስ ተሰማ።